ለአለላ የመጣው ቀለም

ልጅ ያላችሁ፣ በተለይ ደግሞ እንደ እኔ ሱቅ ያላችሁ፣ ይህችን ጽሑፍ እስከ መጨረሻዋ ታገሷት። ብዙ ሰው ልጁ የታመመበትን ጊዜ ሲያወራ ሐኪሙን ይረግማል፣ መንገዱን ይረግማል፣ ዘመኑን ይረግማል። እኔም ሁሉንም ረግሜ ጨርሻለሁ። የቀረኝ ጠዋት ጠዋት ጺሜን ስከረክም መስታወት ውስጥ የማየው ሰውዬ ነው። እሱን መርገም ሲሰለቸኝ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ኢድሪስ እባላለሁ። ፍኖተ ሰላም ገበያ ውስጥ ከአባቴ የወረስኩት ጠባብ ሱቅ አለኝ። ቅመም፣ ስኳር፣ ሻማ፣ ክርና መርፌ እሸጣለሁ። ቀለምም እሸጥ ነበር። ቀለም ስል የግድግዳውን አይደለም፤ ሴቶች ለስፌት ስንደዶ የሚነክሩበትን ዱቄት ነው። ተነክሮ የደረቀው ሣር አለላ ይባላል። ሌማትና ሙዳይ ላይ የምታዩት ቀይ፣ አረንጓዴና ሐምራዊ ሁሉ እሱ ነው። ዱቄቱ በቆርቆሮ ይመጣልኛል፤ እኔ በሻይ ማንኪያ እየሰፈርኩ በወረቀት ቁራጭ እጠቀልላለሁ። አንዲት ማንኪያ አንድ ድስት ውኃ ደም ታስመስላለች። በገበያ ቀን ወደ ቤት ስገባ መዳፌን በሳሙና ብፈትገው ብፈትገው መስመሮቹ ውስጥ የገባው ቀይ አይለቅም ነበር። ልጄ ሐያት ገና አፏን ስትፈታ፣ "አባዬ እጁ ላይ መንገድ አለው" እያለች ለጎረቤት ልጆች መዳፌን ታሳይ ነበር።

ሐያት አንድ ናት። ባለቤቴ ዘይነባና እኔ አሥራ አንድ ዓመት ጠብቀን ነው ያገኘናት። ይህ ሁሉ ሲጀምር የስምንት ዓመት ልጅ፣ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች።

ከቤታችን ሦስተኛው ግቢ ጥሩወርቅ የምትባል ሴት አለች። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ሦስት ልጆች ብቻዋን ታሳድጋለች። አሮጌ ማቀዝቀዣ ገዝታ ውኃና ስኳር በትንንሽ ላስቲክ እያሰረች ታረጋዋለች፤ ያንን ባለቀለም በረዶ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ለልጆች ትሸጣለች። ቀለሙን የምትወስደው ከእኔ ነው። መጀመሪያ የምትወስደው በትንሽ ጠርሙስ የሚመጣውን፣ ለምግብ ተብሎ የተሠራውን ነበር። እሱም ቢሆን ለልጅ ይበጃል ብዬ አሁን አልምልም፤ ቢያንስ ግን ለአፍ የተሠራ ነው። ከዚያ መንገዱ ተዘጋ። በእኛ አገር መንገድ ሲዘጋ ምን እንደሚመስል ለጎጃም ሰው አላስረዳም። ከባሕር ዳር የሚመጣው ዕቃ ቀረ፣ ጠርሙሱም አብሮ ቀረ።

የካቲት ገብቶ ፀሐዩ ሲበረታ ጥሩወርቅ መጣች።

"ጋሼ ኢድሪስ፣ ዛሬም አልመጣ ያ የጠርሙሱ?"

"ኸየት ይምጣ ብለሽ ነው? መኪና መች አለፈ?"

"ነጩን በረዶ እኮ ልጆቹ አይገዙኝም። ውኃ ልትሸጭልን ነው እያሉ ይስቁብኛል።" ዓይኗ ቆርቆሮው ላይ አረፈ። "ይኸስ? ይኸ አይሆነኝም?"

"እሱ የአለላ ነው።"

"የአለላ መሆኑንማ መች አጣሁት፣ እኔም እሰፋበት የለ። እንዲያው ለልጅ አፍ ይጎዳ ይሆን ብዬ ነው።"

ስፌት የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ሰፊ ሴት አለላውን የምታለሰልሰው በአፏ ነው። በከንፈሯ ይዛ በምራቋ ታርሰዋለች፣ ከዚያ ትወጋለች። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ እንዲያ ስትሰፋ ነው ያደግሁት። አንድ ቀን ምላሷ ቀይ፣ አንድ ቀን አረንጓዴ ነበር፤ እኛም ልጆቿ እንስቅ ነበር። እናም ለጥሩወርቅ እንዲህ አልኳት።

"እናቶቻችን አለላ በአፋቸው እያራሱ አይደል የኖሩት? ማን ሞተ? በማንኪያ ጫፍ ነው የምታደርጊው፤ ምንም አይልሽም።"

ሐኪም መድኃኒት እንደሚያዝ አዘዝኩላት። እሷም ሳቅ ብላ፣ "እውነትዎን ነው እኮ" አለችኝና ጠቅልዬ የሰጠኋትን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ሄደች። እንግዲህ አንድ ነገር ልደብቅ አልፈልግም። ቆርቆሮው ላይ በውጭ አገር ፊደል የተጻፈ ጽሑፍ አለ፤ እሱን ማንበብ አልችልም። ከጽሑፉ ሥር ግን ጓንት ያደረገ እጅ ሥዕል አለ። ሥዕል ደግሞ ማንም ያነባል።

ወሩ ረመዳን ነበር። ሐያት ከእኛ ጋር ካልጾምኩ ብላ አስቸገረችን፤ እስከ ቀትር ትጹም ብለን ፈቀድንላት። ከትምህርት ቤት ስትወጣ ግማሽ ጾሟን የምትፈታው በጥሩወርቅ በረዶ ነው። ምላሷን እስከ አገጯ አውጥታ እየሮጠች ሱቄ ትመጣለች። "አባዬ፣ ቀላ?" ትለኛለች። "ቀላ" እላታለሁ። እውነቴን ነው፣ ደስ ይለኝ ነበር።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ልጅቱ መሮጥ ተወች። ደክሞኛል ትላለች፣ ሆዴን ትላለች፣ ፊቷ አመድ የተነፋበት መሰለ። ጾሙ ነው አልንና አስፈታናት። ከዚያ አንድ ጠዋት ዘይነባ ከጓሮ ጠራችኝ። የሐያት ሽንት ብዙ እንደፈላ ሻይ ጠቁሮ ነበር። ወዲያው ደግሞ የዓይኗ ነጩ ቢጫ ሆነ።

መጀመሪያ የወሰድናት ሰፈራችን ውስጥ ካለች አንዲት የግል ክሊኒክ ነው። አግዳሚው ላይ ጭኔን ተንተርሳ እኩለ ቀን ድረስ ጠበቅን። ደም ከጣቷ ወሰዱና፣ "ታይፎይድም ታይፈስም አለባት" አሉን። በእኛ ከተማ እነዚህ ሁለቱ ያልተገኙበት ሰው መኖሩን እንጃ። ሰውዬው ወረቀት ላይ እየጻፈ፣ "ምን በልታ ነበር?" አለኝ። "የቤት ምግብ" አልኩት። ጥያቄው የመጀመሪያው ነበር፤ መልሱም የመጀመሪያው ውሸት፣ ያኔ ግን ውሸት መሆኑን አላውቅም ነበር።

ኪኒኑ አስመለሳት። ሌላ ክሊኒክ ሄድን። እዚያ፣ "ምርመራው አያሳይም፤ ግን አገሩ የወባ አገር ነውና የወባውን እንስጣት" አሉን። ተሰጣት። ልጄ እንደ ቅጠል ጠወለገች። ዘይነባና እኔ በትዳራችን ሙሉ ያልተነጋገርነውን ክፉ ቃል በዚያ ሳምንት ተነጋገርን። እሷ ያስጾምካት አንተ ነህ ትለኛለች፣ እኔ ሽንቷን ቀድመሽ አላየሽም እላታለሁ። ሐያት ትራሷ ላይ ዓይኗን ጨፍና ትሰማናለች። እንደምትሰማ እያወቅን አናቆምም ነበር።

በመጨረሻ ዘይነባ፣ "ይኸ እኮ የወፍ በሽታ ነው፤ ቡሬ እናቴ ዘንድ ልውሰዳት" አለች። ዓይን ቢጫ ሲሆን የወፍ በሽታ ይባላል፤ ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ለዚህ በሽታ ሥር ቀጥቅጠው የሚያጠጡ አንድ ሽማግሌ አሉ። መንገዱ ሲከፈት በመጀመሪያው ሚኒባስ ወሰደቻት። ሽማግሌው ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዷ አጠጧት። ወላሂ፣ ልጅቱ ዳነች! በሦስተኛው ሳምንት ዘይነባ ስልክ ደውላ አቀረበችልኝ። "አባዬ፣ ዛሬ ከአያዬ ጥጃ ጋር ተሯሯጥኩ" አለችኝ። ሱቄን ዘግቼ አለቀስኩ።

ለሽማግሌው ስኳርና ጋቢ ላክሁ። ይህም አልበቃኝ፤ ሱቄ ለመጣ ሁሉ፣ "ልጃችሁ ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ሐኪም ዘንድ አትድከሙ፣ ቡሬ ውሰዱት" እያልኩ ስመክር ከረምኩ። ስንቱ ሰምቶኝ እንደሄደ አላህ ነው የሚያውቀው።

ሚያዝያ ላይ ሐያት ተመልሳ ትምህርት ጀመረች። ፀሐዩ ከየካቲቱም ብሶ ነበር። በስድስተኛው ቀን መምህሯ ክፍል ውስጥ ወደቀች ብላ ደወለችልኝ። በባጃጅ ይዤያት ሆስፒታል ስደርስ ከንፈሯ ነጭ ነው፣ ቀሚሷ ላይ ያመለጣት ሽንት ደግሞ ጥቁር።

ድንገተኛ ክፍል አስገቧትና እኛን ውጭ አግዳሚ ላይ አስቀመጡን። ዘይነባ ዱዓ ታደርጋለች። እኔ ግን ነጋዴ ነኝ፤ ነገር ሲጠፋኝ ማሰላሰል ልማዴ ነው። እዚህ ታመመች። ቡሬ ሄደች፣ ዳነች። እዚህ ተመለሰች፣ ታመመች። ቡሬ የሌለ፣ እዚህ ያለ ምን አለ? ውኃው? ቡሬም ውኃ ጠጥታለች። እንጀራው? ያው ጤፍ ነው። እንዲህ እያልኩ ሳለ ደብተር የያዘ አንድ ሕፃን ከእናቱ ጋር አጠገባችን ተቀመጠ። አፉን ከፍቶ አዛጋ። ምላሱ ቀይ ነበር።

የጥሩወርቅ በረዶ፣ የእኔ ቀለም። ሁሉንም ነገር ያኔ ነው ያወቅሁት፤ ማንም አልነገረኝም።

ሐኪሙ ወጣት ነው። ከሰዓት በኋላ ጠራንና እንዲህ አስረዳን። ደሟ ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከሙት ቀያይ ሴሎች ከጊዜያቸው በፊት እየፈረሱ ነው። የፈረሰው ደም ነው ዓይኗን ቢጫ፣ ሽንቷን ጥቁር ያደረገው። ኩላሊቷ ያንን ሲያጣራ ተጎድቷል። "አንዳንድ ልጆች ሲፈጠሩ ደማቸው እንዲህ ነው" አለ፤ "ሌላው ልጅ የሚችለውን እነሱ አይችሉም። ያስነሳባት ነገር ግን መኖር አለበት። በደንብ አስቡና ንገሩኝ። ባቄላ በልታለች? የባህል መድኃኒት ወስዳለች? ከቤት ውጭ የምትቀምሰው ነገር አለ?"

ዘይነባ እያለቀሰች የቡሬውን ሥር ተናገረች። ሐኪሙ መቼ እንደሆነ ጠየቃት፤ ቀኑን ቆጠረና ራሱን ነቀነቀ። "ከዚያ ወዲህ ነው የባሰባት። ሌላስ? አባትየውስ?"

"ሌላ የለም" አልኩ።

ለምን? ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ለሱቁ ፈርቶ ነው ይለኛል። ፈርቻለሁ። ገበያው ልጆቻችንን መረዘ ሲለኝ ታይቶኛል። የጥሩወርቅም ሦስት ልጆች ታይተውኛል። ከዚህ ሁሉ በታች ግን ሌላ ነበር፤ ካልተናገርኩት ያልሆነ ይመስለኝ ነበር። ያንን ቃል በአፌ ይዤ ሁለት ቀን አደርኩ። ልጄ ከመጋረጃው ወዲያ ደሟ እየፈረሰ፣ እኔ ሻይ ይዤ እየገባሁ "አይዞሽ" እላት ነበር።

ደም ያስፈልጋታል ተባለ። የእኔን ስኳር በሽታ አለብህ ብለው መለሱት፤ የዘይነባ አልገጠመላትም። ዘመድ ጎረቤት ይምጣ አሉን። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከሁሉ ቀድማ የመጣችው ጥሩወርቅ ናት። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ፣ እየሮጠች መምጣቷ ያስታውቃል።

"እኔን አይታችሁ ዝም ትላላችሁ?" አለች ዘይነባን ተቆጥታ። "ልጅቱ ኸበሬ ላይ አይደል የምትውለው? የኔ ደም ይሁናት።"

ገጠመ። ደም ሲቀዳላት አጠገቧ ቆሜ ነበር። ክንዷን ዘርግታ ጨብጪ ፍቺ ሲሏት ጣቶቿን አየሁ። ጫፎቻቸው እስከ ጥፍራቸው ሥር ቀይ ናቸው። ማየቴን አይታ አፈረች።

"የበረዶው ነው ጋሼ፣ አይለቅም። ቆሻሻ እንዳይመስልዎ" አለችኝ።

ወጥቼ ሐኪሙን ኮሪደሩ ላይ አገኘሁት። የተናገርኩትን ቃል በቃል አላስታውስም። ቀለም፣ በረዶ፣ እኔ ነኝ የሸጥኩት፣ ማለቴን አስታውሳለሁ። አልተቆጣም። ብዕሩን አወጣና፣ "መቼ ነው የጠረጠሩት?" አለኝ።

"ከትናንት በስቲያ።"

"ስጠይቅዎ?"

"ስትጠይቀኝ።"

ቆርቆሮውን አምጡልኝ አለ። በባጃጅ ሄጄ አመጣሁለት። ጽሑፉን በጣቱ እየተከተለ አነበበና፣ "ለምግብ አይደለም ይላል እኮ፤ በእጅ እንኳ አትንኩት ነው የሚለው" አለኝ።

"እንግሊዝኛ አላውቅም" አልኩት።

"ሥዕሉስ?"

ሐኪሙ እዚህ የቀለሙን ዓይነት መለየት የሚችል መሣሪያ እንደሌለና መቶ በመቶ ሊምልልኝ እንደማይችል ነገረኝ። ግን ቀኑ ሲቆጠር ይገጥማል፣ እንዲህ ያለ ኬሚካል ይህን እንደሚያደርግ ይታወቃል አለ። ማርከሻ የለውም፤ መድኃኒቱ ማቆም ነው፣ ደምና ፈሳሽ መስጠት ነው፣ ከዚያ መጠበቅ ነው። ሁለቱ ቀን ለውጥ ያመጣ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅሁት። "እሱን አሁን አያስቡት" አለኝ። ደግ ልጅ ነው፤ ግን አያመጣም አላለኝም።

የጥሩወርቅ ደም በቀጭኗ ቱቦ ወደ ልጄ ክንድ ጠብ ጠብ ሲል ዘይነባ ያንን ደም ታመሰግናለች፣ ጥሩወርቅን ትመርቃለች። እኔ ጥጉ ላይ ቆሜ ነበር። ለዘይነባ የነገርኳት ያን ዕለት ነው። አልጮኸችም። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለብዙ ሳምንት የምታናግረኝ በሐያት በኩል ነበር። "አባትሽን ውኃ አምጣ በይው" ትላለች፣ እኔ እዚያው ቆሜ።

ኩላሊቷ አልነሳ ሲል ባሕር ዳር ጻፉልን። መንገዱ ዳግም ተዘግቶ ሁለት ቀን ወረቀቱን ይዘን ተቀመጥን። ሲከፈት በቃሬዛ ወሰድናት። እዚያ ስለነበረው ጊዜ ብዙ አልጽፍም፤ ፊቷ አብጦ ዓይኗ ጠፍቶ ነበር። ደም የሚያጥበው ማሽን ላይ ትግባ አትግባ እያሉ ሲመክሩ በየማለዳው የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። "ሸናች?" እላለሁ። ሌላ ቋንቋ የማላውቅ ሰው ሆንኩ። ከጎናችን የነበረች የዱርቤቴ ሴት ነበረች፤ ልጇን ታስታምማለች። የእሷን ሥጋ እንደማንበላ ስለምታውቅ፣ በየቀኑ ድንችና ዳቦ ለብቻ በንጹሕ ፌስታል አድርጋ ታመጣልን ነበር። አንዲት ነርስ ደግሞ ባዶ አልጋ ሲገኝ ዘይነባን ጋደም በይ ትላታለች። ለእኒህ ሁለት ሴቶች አላህ ይስጥልኝ። በአንድ ጠዋት ዘይነባ በክፍሉ በር መስታወት በኩል አየችኝና፣ ነገሩን ከነገርኳት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ አናገረችኝ። "ሸናች" አለችኝ።

ሐያት ተረፈች። ድናለች ወይ ብትሉኝ፣ አላውቅም። ኩላሊቷ እንደ እኩዮቿ አይደለም፤ በየሁለት ወሩ ባሕር ዳር እንመላለሳለን። ጨው ተከልክላለች፣ ባቄላ ተከልክላለች። ቁመቷ ባለበት ቆሟል። ሐኪሞቹ ከእንግዲህ መጾም አትችልም አሉን፤ የዘንድሮው ረመዳን ሲገባ እኛ ሱሑር ስንበላ ተነስታ አጠገባችን ተቀመጠች። ቀን ውኃዋን ስትጠጣ ለማንም እንዳይታይ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞር ነበር።

ለጥሩወርቅ የነገርኳት ከባሕር ዳር እንደተመለስን ነው። ደጃፏ ላይ ቆሜ ሁሉንም ነግሬያት ጨረስኩ።

"ጠይቄዎት ነበር እኮ ጋሼ" አለች። "ይጎዳ ይሆን ብዬ ጠይቄዎት ነበር።"

ገብታ ማቀዝቀዣውን ከግድግዳው ነቀለችው። አሁን የሰው ቤት ልብስ ታጥባለች። ስንገናኝ ሰላም ትለኛለች፣ አንገቷን ዝቅ አድርጋ፤ ሱቄ ግን እግሯ ረግጦ አያውቅም።

ቆርቆሮዎቹን ሁሉ ቀበርኩ። ራሴን ልክሰስ ብዬ አንድ ቢሮ ሄድኩ። የተቀበለኝ ሰውዬ ማስረጃህ ምንድን ነው አለኝ። ማስረጃው እኔ ነኝ፣ የሸጥኩት እኔ ነኝ አልኩት። የላብራቶሪ ወረቀት ከሌለህ ምን አድርግ ትለኛለህ አለኝና ስሜን እንኳ ሳይጽፍ ሸኘኝ። ዛሬ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሌላ ሴት በረዶ ትሸጣለች። ቀለሙን የምትወስደው ከእኔ ሱቅ አራት ሱቅ ዝቅ ብሎ ነው። ሄጄ ነገርኳት፣ ሻጩንም ነገርኩት፣ እናቶችን በየመንገዱ እያስቆምኩ ነገርኩ። ምን እንደሚሉኝ ታውቃላችሁ? "እናቶቻችን አለላ በአፋቸው እያራሱ አይደል የኖሩት? ማን ሞተ?" ቃሉ የራሴ ነው። ለጥሩወርቅ ካልኳት በኋላ ከተማውን ዞሮ ይሁን፣ ወይስ ሁሉም ሰው ከልጅነቱ የያዘው ይሁን አላውቅም። እናቴ እውነትም አልሞተችበትም። በከንፈር የተነካ ሣርና በየቀኑ በላስቲክ የተጠጣ ውኃ አንድ አይደለም ብዬ ሳስረዳ ሰዉ መንገዱን ቀጥሏል።

ለእናንተ የምለው ጥቂት ነው። የልጃችሁን ምላስ እዩ። ሽንቱንም እዩ። ሐኪም ምን በላ ሲላችሁ የምታፍሩበትን ነገር መጀመሪያ ተናገሩ፤ የማታፍሩበት ይደርሳል።

እኔ አሁን በየቀኑ የሐያትን ምላስ አያለሁ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሱቁ ደጃፍ ላይ ትቆማለች፣ "ምላስሽን" እላታለሁ፣ ታወጣዋለች፣ ትገባለች። ባለፈው ሰሞን ግን ቤት ውስጥ ሦስታችን ተቀምጠን ሳለ ድንገት ጠየቀችኝ።

"አባዬ፣ እነ ጥሩወርቅ ቀለሙን ኸየት ነበር የሚያመጡት?"

ዘይነባ ሩዝ እየለቀመች ነበር፤ እጇ ቆመ።

"ከእኔ" አልኳት።

"በረዶው ውስጥ እንደሚገባ ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር። እንደሚያምሽ ግን አላወቅሁም።"

ተነስታ ወደ ጓሮ ወጣች፤ ያን ዕለት እራት አልበላችም።

በማግስቱ እንደ ወትሮዋ ከትምህርት ቤት መጣችና ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆመች። "ምላስሽን" አልኳት። አፏን ገጥማ አየችኝ።

"መጀመሪያ አንተ እጅህን አሳየኝ" አለች።

ሁለቱንም ዘረጋሁላት። ወደ ብርሃኑ ስባ፣ አንገቷን አቀርቅራ መስመሮቹን አንድ በአንድ በጣቷ ተከተለቻቸው። ያንን ዱቄት ከነካሁ ዓመት ሊሆነኝ ነው፤ እኔ መዳፌ ላይ ምንም አይታየኝም።

"አሁንም አለ" አለችኝ። ጣቶቼን አጥፋ መዳፌን ከደነችውና አፏን ከፈተችልኝ።